ክቡር ከንቲባ፣ አኻያ በሕይወት እንደነበረ አንዲት መስመር ይጻፉልን

ለክቡር አቶ ቬንሲስላቭ ኩርቴቭ፣
የጎርና ቨርባ ከተማና በሥሯ ያሉ መንደሮች ከንቲባ፣
በማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁልጊዜ በተዘጋው በር በስተጀርባ።

ክቡር ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በገበያው በር ሲያልፉ ሲያስነጥስዎ ሰምቼ «ይማርዎ» ልል ስጣደፍ የመኪናዎ መስኮት ቀድሞኝ ስለተዘጋ፣ እነሆ ዘግይቶም ቢሆን በአደባባይ ይማርዎ። ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ አምና ተሠርቶ ዘንድሮ ለሚያፈሰው ለአዲሱ የማዘጋጃ ቤት ጣሪያም እንዲሁ ጤና እመኛለሁ።

ምናልባት መልኬን ዘንግተውት እንደሆነ፣ ራይና ቾላኮቫ እባላለሁ፤ ድምፄን ግን ያውቁታል። ሃያ ስምንት ዓመት በባቡር ጣቢያችን ባቡር ስጠራ፣ አርባ ዓመት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በአኻያ እግር ኳስ ክለብ ሜዳ የተጫዋች ስም ስጠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባቡሩ እኛ ጋ መቆም ከተወ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ክለቡም ሊያልፈን ነው፤ እንግዲህ እኔ ምን ልጥራ?

የምለምንዎ ነገር አጭር ስለሆነ ከፊት ላስቀድመው፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁና። ክለባችን ሦስት ጊዜ ለጨዋታ አልቀረበም ተብሎ ከአውራጃው ሊግ ተሰርዟል። ሦስተኛው ግን ሐሰት ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት አሥራ አንዱም ተጫዋቾቻችን ለብሰው በሜዳቸው ላይ ቆመው ነበር፤ እርስዎም በዚያው ሰዓት በዚያው ሜዳ ላይ ነበሩ። ሊጉ የክለቡን ሰው ቃል አይቀበልም፤ የሚቀበለው የሜዳውን ባለቤት፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱን፣ ማኅተም ያለበት ምስክርነት ብቻ ነው። እንግዲህ «ነበሩ፤ አይቻለሁ» ብለው አንዲት መስመር ይጻፉልን። የይግባኙ ቀን ከነገ ወዲያ ዓርብ በስድስት ሰዓት ያበቃል። በስምንት ሰዓት ደግሞ የእርስዎ ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ ክለብ የሌለው ሜዳ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመለሳል በሚለው ውል መሠረት፣ ሜዳውን ከፀሐይ መብራት የሚያመነጩ ሰሌዳዎች ለሚተክል ድርጅት ያስረክባል። ነገሩ ይኸው ነው። የከተማው ጋዜጣ የሚወጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ስለሆነ፣ ዓርብ ደግሞ ጋዜጣ ስለማይጠብቅ፣ ይህን ደብዳቤ ሰው ሲሞት የሐዘን ወረቀት በሚለጠፍባቸው ቦታዎች ሁሉ እለጥፈዋለሁ፤ እዚያ የተለጠፈውን ሳያነብ የሚያልፍ ሰው በአገራችን አልተፈጠረም።

ስጀምር ቁጭ ብዬ ነበር፤ እዚህ እስክደርስ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ መስኮት ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ማዘጋጃ ቤት ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ከልምድ ተምሬአለሁ።

አንደኛ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ለምክር ቤቱ ባቀረበው ወረቀት ላይ «ሜዳውም ሆነ ክለቡ ይህ ነው የሚባል ታሪካዊ ፋይዳ የለውም» ተብሎ በመጻፉ እጅግ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ታሪኩን ለመጻፍ ሰበብ አጥቼ ነበር።

በ1926 የጡብ ፋብሪካው ሠራተኞች አንድ ሰዓት ሠሪ ከውጭ ይዞት የመጣውን የቆዳ ኳስ ይዘው ወንዙ ዳር ወረዱና ሜዳ ደለደሉ። ለግብ ቋሚ የሚሆን ደረቅ እንጨት ስላልነበራቸው ከዳርቻው አራት አኻያ ቆርጠው ተከሉ። አኻያ ምን እንደሆነ ከእነዚያ ሁሉ ጎበዞች አንድም ሰው አላሰበበትም! በመኸር ተክለው በጸደይ ሲመለሱ አራቱም ቋሚዎች ሥር ሰድደው አቆጥቁጠዋል። ከወንዙ በታች ካሉት ከዶልና ቨርባዎች ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ኳሱ ቅጠሉ መሃል ገብቶ ተሰንቅሮ ቀረ። ገብቷል፣ አልገባም ተብሎ የተጀመረው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ባለፈው ፋሲካ እንኳ ሁለት የሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎች በዚሁ ነገር ተኮራርፈው የበዓሉን ወግ ትተው ቀይ እንቁላላቸውን ሳያጋጩ ተለያይተዋል። የክለቡ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከአራቱ ቋሚዎች አንዱ ዛሬም ከሰሜኑ ግብ ኋላ ቆሟል፤ ግንዱን ሁለት ሰው አቅፎ አይደርስበትም፤ የእርስዎ ቀያሾች በቢጫ ቀለም የመስቀል ምልክት ያደረጉበት እሱ ነው።

ደግሞም በ1963 ከዋና ከተማ አንድ ትልቅ ቡድን ለዋንጫ ጨዋታ መጣብን። ያኔ የነበሩት ከንቲባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ኳስ የሚያውቁት ክብ መሆኑን ብቻ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን ማለዳ ተነሥተው የእሳት አደጋውን ውኃ ሜዳው ላይ አስለቀቁ። ጨዋታው ሲጀመር የዋና ከተማዎቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ነበሩ። አንድ ለአንድ ወጣን። እኒያ ሰውዬ ምን ያህል መንገድ እንዳስነጠፉ፣ ስንት ስብሰባ እንደመሩ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ውኃ ያስለቀቁባትን ማለዳ ግን ሁሉም ይናገርላቸዋል። ከንቲባ ሆኖ ሲሞቱ መወደስ እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ እግረ መንገዴን ላሳስብዎ ብዬ ነው።

ሁለተኛ። ማዘጋጃ ቤቱ በየዘመኑ ለክለባችን ስለሚያስብለት ስም ምስጋናችን የላቀ ነው። በ1948 ደብዳቤ መጣና «ቀይ ጡብ» ተባልን። በ1957 ሌላ ደብዳቤ መጣና «ሎኮሞቲቭ» ተባልን። በ1969 ደግሞ «የጡብና የታሸጉ ምግቦች ሠራተኞች የተባበረ የሰውነት ማጎልመሻ ማኅበር» ተባልን፤ ይህን ስም ስድስት ዓመት ሙሉ በድምፅ ማጉያ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ጠርቼው ሳልጨርስ ጨዋታው ተጀምሮ ግብ ገብቶብናል። በ1990 እንደገና ደብዳቤ መጣ፤ «አኻያ» እንድትባሉ ተፈቅዷል ይላል። ሰው ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ የሱፍ ፍሬውን እየፈለፈለ የሚጮኸው «አኻያ!» እያለ ነበር። የተፈቀደልን ነገር ሳይፈቀድልን ስናደርገው የኖርነው ነበር ማለት ነው። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ከንቲባዎች ስማችንን ነበር የሚወስዱት፤ ሜዳውን ለመውሰድ ያሰበ አንድም አልነበረም። ቀዳሚነቱ የእርስዎ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሦስተኛ። አውቶቡሱን በተመለከተ። ክለባችን በዘጠና ስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ፎርፌ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ጦርነት ነበር፤ ተጫውተናል። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ሱቁ ባዶ ሆኖ፣ ዳቦ በሰልፍ በነበረበት ክረምትም ተጫውተናል፤ ያኔ የአውቶቡሱን ነዳጅ ያገኘነው አሰልጣኛችን ጋሽ ሚንኮ በጓሮው ያወጣውን ራኪያ የሚባል የፕለም አረቄ ለሾፌሮች እያቀመሰ ነው። በእርስዎ ዘመን ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ፎርፌ ሰጠን። ምን ይደረግ፣ ዘመን ተሻሽሏል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የማዘጋጃ ቤቱ አውቶቡስ ጡረተኞችን ወደ ፍል ውኃ ይዞ ሄደ። እኔም ጡረተኛ ስለሆንኩ የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ፤ ወገቤ ግን ያኔ የታመመው ከሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ አውቶቡሱ «ለቴክኒክ ምርመራ ገብቷል» ተባለ። ጋሽ ሚንኮ በዓይኑ እንዳየው ምርመራው የሚካሄደው በአማችዎ የልጅ ክርስትና ድግስ በር ላይ ነበር። እኛም በረኛችን ያሰን ዳቦ በሚያከፋፍልባት መኪና ተጫጭነን ተነሣን፤ ተራራው ወገብ ላይ ሞተሯ ጨሰና ቆመች። ገፍተን ገፍተን ስንደርስ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ዘግይተናል፤ ሕጉ የሚታገሠው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው፣ ዳቦ ዳቦ እየሸተቱ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሙ። ያሰን አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን አስጠግኗል፤ ያን ቀን ግን ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አራተኛ። ከመጋቢት ጀምሮ በሜዳው ዋና በር ላይ ስለሰቀሉልን አዲስ ቁልፍ አመሰግናለሁ። «ለደኅንነታችሁ ነው» ተብሎ ተነግሮናል፤ መክፈቻው ደግሞ ለደኅንነቱ ሲባል ከእርስዎ ዘንድ ቀርቷል። ስለዚህ ተጫዋቾቹም፣ ጋሽ ሚንኮም፣ እኔም በሰባ ዓመቴ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ተሽለክልከን መግባት ከጀመርን ሰነበትን። ልብ ይበሉልኝ፤ ቀዳዳው በስተኋላ ነው፤ ከዚያ የሚገባ ሰው ዋናውን በር አያየውም።

አምስተኛው ቁጥር የለውም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ እስከዚህ ድረስ ሲያነቡ ፈገግ ብለው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ቆሜ ነው። ከሁለተኛው ፎርፌ በኋላ እንደ እሳት ተንገበገብኩ፤ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ ቀኑን ሙሉ ከቤት ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ቤት ስመላለስ ዋልኩ። በመጨረሻም አንድ የብልጠት የመሰለ ሐሳብ መጣልኝ። የቀብር ማስፈጸሚያ ሱቅ ሄጄ የሐዘን ወረቀት አሳተምኩ። ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ መስቀል ያለበት፣ ሰው ሲሞት በየበሩ በየዛፉ የምንለጥፈው ዓይነት። እንዲህ ይላል፦

«በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ውዱና የማይረሳው የአኻያ እግር ኳስ ክለብ ከአጭር ሕመምና ከረጅም ማዘጋጃ ቤት በኋላ በተወለደ በዘጠና ስምንት ዓመቱ አርፏል። ሐዘንተኞቹ።»

ባለ ሱቁ ሲያነበው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «አክስቴ ራይና፣ ያለ ፎቶማ አይሆንም፤ ሰው ፎቶ የሌለው ሞት አያምንም» አለኝ። የ1963ቱን ቡድን ፎቶ ሰጠሁት። ሠላሳ አተመልኝ። ሐሙስ ጠዋት በከተማው መግቢያ ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በፖስታ ቤቱ፣ በዳቦ ቤቱ፣ በእርስዎም ደጃፍ ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ደስ አለኝ፤ ልቤ አበጠ። ከዚያ አንድ ተርፎኝ ነበርና፣ እጄ ይሰበር፣ የሜዳው ዋና በር ላይ፣ ከእርስዎ ቁልፍ ከፍ ብሎ፣ ለጠፍኩት።

እኛ እንደሆነ ሐኪም ይዋሻል እንላለን፤ ቴሌቪዥን ይዋሻል እንላለን፤ የምርጫ ውጤትማ ይቅር። የሐዘን ወረቀትን ግን የሚጠራጠር ሰው በዚህ አገር የለም። ይህን ከሁሉ በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ካፊያ ነበር። የዶልና ቨርባዎች አውቶቡስ ከተማው መግቢያ ሲደርስ ሾፌሩ ወረቀቱን አይቶ አቆመ፤ አምበላቸው ወርዶ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁሉም ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙና ዞረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዳኛው ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ አንድም ሰው አያውቅም። ዋናው በር ላይ ደረሰ፤ የእርስዎ ቁልፍ አለ፤ የእኔ ወረቀት አለ። በሩ ላይ ወደተጻፈው የክለቡ ስልክ ደወለ፤ ያ ስልክ ከአምና ጀምሮ የሚጮኸው በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ዝግ ነው። አማተበና ሄደ። ለሊጉ የጻፈው ሪፖርት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ክለቡ በሞት ምክንያት አልቀረበም።»

እኛ ይህን አናውቅም። ልጆቹ በቀዳዳው ገብተው፣ ለብሰው፣ ተሟሙቀው ቆመዋል። ጋሽ ሚንኮ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን እያየ «ዝናቡ ነው ያዘገያቸው፤ አይዟችሁ» ይላል። እኔ የማስታወቂያ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። በአሥር ሰዓት ከሩብ ላይ እንደ ዋናው ሁሉ ለእኛ የተቆለፈው የኋላው በር ተከፈተና እርስዎ ጃንጥላ ይዘው፣ ሁለት ቀያሾች አስከትለው ገቡ። ወግ ነውና ድምፅ ማጉያውን አንሥቼ «እንኳን ደህና መጡ ክቡር ከንቲባ» ብያለሁ፤ መብራቱን ካስቆረጡብን ሦስት ሳምንት ስለነበረ ግን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ለኩ፤ ሲጨርሱም በገቡበት ወጡ። ልጆቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሙ፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ እኔ ዞሬ ወደ ዋናው በር ሄድኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው የሱፍ ፍሬ ሻጭ ሴትዮ «ዳኛው መጥቶ ነበር እኮ፤ አንብቦ፣ አማትቦ ሄደ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?» ብላት፣ «የለጠፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ!» አለች።

ሰኞ ዕለት ከዶልና ቨርባ የአበባ ጉንጉን መጣ። ጥብጣቡ ላይ «ለዘጠና ስምንት ዓመት ጠላታችን፣ ከልብ ከሆነ ፍቅር ጋር» ተብሎ ተጽፏል። ያመጣው አምበላቸው ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ «እንግዲህ እኛ ማንን ልንጠላ ነው አክስቴ?» አለኝ። እውነቱን ስነግረው ጉንጉኑን መሬት ላይ ጥሎ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ በሞት ይቀለዳል?» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው። አይቀለድም። ከዚያ ጉንጉኑን አነሣና አራግፎ፣ «ምስክር ከፈለጋችሁ እኔ ያየሁት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ሰው አላየሁም፤ ምን ላድርግ» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ ክቡር ከንቲባ፣ ከክለቡ ሰዎች ውጪ በዚያች ሰዓት እነዚያን አሥራ አንድ ሰዎች ያየ፣ ማኅተምም ያለው፣ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማመልከቻውን ካስገባሁ አሥር ቀኔ ነው። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ደርሶኛል፤ ጉዳዩን ማየቱን ትተው ያዩትን ቢጽፉ ባጠረ ነበር። አራት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁ። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ ከበሩ ኋላ ብቻዎን ሲያስሉ ይሰማል። ከሳልዎ ጋር የሚሰበሰቡ ከሆነ እግዜር ያሽርዎ፤ የሊንደን አበባ በማር አፍልተው ይጠጡ።

ጋሽ ሚንኮ ዛሬም ማለዳ በቀዳዳው ገብቶ ሣሩን ሲያጭድ አገኘሁት። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። «ተው እንጂ ጋሼ፣ ተሰርዘናል እኮ፤ ለማን ነው የምትደክመው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሣሩ አልተሰረዘም» ብሎ ማጨዱን ቀጠለ። ስለዚያ ወረቀት አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ቢሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ! ሰውዬው ማጭዱን ባነሣ ቁጥር እኔ መቆሚያ መቀመጫ አጣለሁ። ሕይወቴን ሙሉ በድምፄ ያገለገልኩትን ክለብ በአንድ ወረቀት ቀልድ ገደልኩት፤ ይኸው በሕዝብ ፊት እናዘዛለሁ፤ አፍራለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔን ድርሻ ተናግሬ ጨርሻለሁ።

አሁን የእርስዎን ድርሻ። በ1988 መስከረም፣ እርስዎ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳሉ፣ በረኛችን እጁ ተሰብሮ ወጣና የተቀያሪ በረኛ ስም ጠራሁ። «ቬንሲስላቭ ኩርቴቭ» ብዬ ስምዎን በዚያ ሜዳ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሰባት ደቂቃ ተጫወቱ፤ ሁለት ግብ ገባብዎ፤ አንደኛዋ በእግርዎ መሃል ነበረች። ከዚያ በኋላ አልተጫወቱም። ክቡር ከንቲባ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር በዚህ ከተማ ያነሣብዎ አንድ ሰው አለ? እኛ እኮ ሰው በልጅነቱ ሱሪው ላይ የሸናውን በስድሳ ዓመቱ የምናስታውስ ሰዎች ነን! ሦስት ጊዜ ለምርጫ ሲቆሙ፣ ተቃዋሚዎችዎ ስለ ቤትዎ፣ ስለ መኪናዎ፣ ስለ አማችዎ ሁሉ ሲናገሩ፣ ያችን ሰባት ደቂቃ አንድም ሰው አላነሣትም። ለምን ቢሉ፣ የእኛ ልጅ ነበሩ፤ መለያችንን ለብሰው ነው ግቡ የገባብዎ። ክለብ ማለት ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ፋይዳ ካስፈለገ እኔ አላውቅም። ዛሬ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ በመሆኔ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨንቆኝ ነው።

ፀሐይን እኛም እንወዳለን። ከከተማው በላይ ያለው ራቁት ኮረብታ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታዋል፤ ድንጋይና እንሽላሊት ብቻ ነው ያለበት። ሜዳው ግን ለመብራት መስመሩ ስለሚቀርብ ይቀላል ተብሏል። ለሚቀለው ሲሉ የሚከብደውን እኛን ባይጥሉን ምን ነበረበት?

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለዕድሜዎ ጤና፣ ለጤናዎም እውነት የምትናገር አንዲት ብዕር እንዲጨመርልዎ እመኛለሁ።

ሁልጊዜም ክብርዎን በመጠበቅ፣ ደጅዎን በመጥናት፣ በሳልዎም በመጽናናት የምኖር፣

ራይና ቾላኮቫ
የቀድሞ የጎርና ቨርባ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ነጋሪ፣
እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ የአኻያ እግር ኳስ ክለብ ማስታወቂያ ነጋሪ

በድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ካፖርቴን ስለብስ ጸሐፊዎ ደወለችልኝ። «አክስቴ ራይና፣ ክቡር ከንቲባው በጉዳዩ ላይ አስበውበታል፤ በተባለው ቀን ሜዳው ላይ ማንንም ሰው አላየሁም ብለዋል፤ በጽሑፍም ይደርስሻል» አለችኝ። ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ፤ ነገር ግን መቀመጥ ስለማልችል ሮጬ ያሰን ዘንድ ሄድኩ፤ ዳቦ ሲያራግፍ አገኘሁት። የተባለውን ስነግረው ሣጥኑን እንደያዘ ቆመና እንዲህ አለኝ፦ «እንዴት አላየሁም ይላል? የግቡ መስመር ላይ ቆሜ ሳለ ሜትሩን ረግጬው ኖሮ፣ ራሱ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ‹ያሰን፣ አንዴ እግርህን አንሣልኝ› አለኝ። አነሣሁለት። ‹ተባረክ› ብሎኝ ሄደ።» ክቡር ከንቲባ፣ ሜዳው ላይ ማንም ሰው ካልነበረ፣ በስሙ ጠርተው የመረቁት ማንን ነው?